ለራሳችን በምንሠራው ሰርኪት ላይ ገንዘቡ የት ይግባ? ጥራት ወይስ ቁጠባ

ሰርኪት_ወዳድ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ክር የከፈትኩት አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ ስላስቸገረኝ ነው። ለራሳችን፣ ለደስታችን ብለን በምንሠራው ኤሌክትሮኒክስ ላይ ጥራትን እስከምን ድረስ እንከተል? መቆጠብ ያለብንስ የት ላይ ነው?

አሁን የምነድፈው አትክልት በራሱ የሚያጠጣ መሣሪያ ነው። ልቡ ኢኤስፒ32 ነው፤ ዋይፋይ ያለው ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም ፕሮግራም የሚጫንበት ቺፕ። በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ የውኃ ፓምፕ፣ የአፈር እርጥበት ሴንሰርና የሙቀት ሴንሰር ይኖሩታል። የክፍሎቹን ዝርዝር ሁለት ዓይነት አድርጌ ጻፍኩት። አንዱን "እስከሠራ ድረስ ይበቃል" ብዬ፣ ሌላውን "ለዓመታት ሳልነካው ይሥራ" ብዬ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ገደማ ያስወጣል። የገረመኝ ነገር ግን ልዩነቱ በሁሉም ክፍል ላይ እኩል አለመሆኑ ነው። አብዛኞቹ ክፍሎች ላይ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ዋጋውን ወደ ላይ የሚጎትቱት ጥቂት ክፍሎች ናቸው።

እና ጥራት ሲጨምር ዋጋም የግድ ይጨምራል የሚለውን ሐሳብ ልቀበለው አልቻልኩም። ገንዘብ የማይጠይቅ ጥራት አለ። ምንም ጥራት የማይጨምር ወጪም አለ። ከባዱ ሁለቱን መለየት ነው። እናንተ በምን ትለያላችሁ?


አሮጌ_ሬዲዮ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅከው ልጄ። መልሱ የሚጀምረው ስንት ፍሬ ትሠራለህ ከሚለው ይመስለኛል።

ኧርል መንትዝ የሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ ነበር። መኪና ሻጭ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ ቴሌቪዥን ወደ ማምረት ገባ። ስለ እሱ የሚነገር ታሪክ አለ። ሽቦ መቁረጫ ይዞ ይዞራል። መሐንዲሱ የነደፈውን አዲስ ቴሌቪዥን አስከፍቶ አንድ ክፍል ቆርጦ ያወጣል። ምስሉ ካልጠፋ ሌላ ይቆርጣል። ምስሉ ወይም ድምፁ ሲጠፋ የመጨረሻዋን ክፍል ብቻ መልሰው እንዲያስገቧት ያዛል። ክፍል እየቀነሱ ሰርኪት ማቅለልን እስከ ዛሬ በእሱ ስም የሚጠሩ መሐንዲሶች አሉ።

ብዙ ሰው ይህን የስስት ምሳሌ አድርጎ ያወራዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። መንትዝ ደንበኛውን ያውቅ ነበር። ቴሌቪዥኖቹ የተሠሩት ከተማ ውስጥ፣ ከማሠራጫው አንቴና አጠገብ ለሚኖር ሰው ነበር። እዚያ ሞገዱ ጠንካራ ነው። ደካማ ሞገድ ለመያዝ የሚጨመሩት ክፍሎች እዚያ ሥራ የላቸውም። ከከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው ግን ያው ቴሌቪዥን አይሆነውም። ሰውየው ቆርጦ ያወጣው ያ ደንበኛ የማይፈልገውን አቅም ነው። አንተም መጀመሪያ መሣሪያህ የት እንደሚቀመጥ ጻፍ። ፀሐይ ያገኘዋል? ውኃ ይነካዋል? ቢቆም ምን ይጠፋል? ይህን ሳትጽፍ ስለ ጥራት ማውራት አይቻልም።

ሌላው ስሌቱ ነው። መንትዝ አንድ ሬዚስተር ሲያስቀር ቁጠባውን በሚያመርተው ቴሌቪዥን ብዛት ያባዛዋል። አንተ የምታባዛው በአንድ ነው። ብዙ ወጣቶች የፋብሪካ ዕቃ ከፍተው ያዩና "እነሱ እዚህ ጋ መከላከያ ዳዮድ አላደረጉም፣ እኔም አያስፈልገኝም" ይላሉ። እነሱ ያላደረጉት በሚሊዮን ፍሬ ስለሚያባዙት ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ያለ ዳዮዱ ይሠራ እንደሆነ ፈትነውታል። አንተ ያንን ፈተና አላደረግክም። ስለዚህ የእነሱን ቁጠባ መቅዳት ላንተ ምንም አያተርፍልህም።


ብየዳው፦

ጋሼ፣ ታሪኩ ደስ ይላል። እኔ ግን ነገሩን በሌላ በኩል ልየው።

ጀማሪ ሰው አንድ ነገር ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚሰማው "ይሄ ቀሽም ነው፣ ያንን ግዛ" የሚል ነው። ዝርዝሩ ይረዝማል። ዋጋው ይከመራል። ሰውዬው ሳይጀምር ይተወዋል። ይሄ ከልቤ ያሳዝነኛል። ርካሽ ክፍል አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ቢቃጠልም አያስለቅስም። ውድ ቦርድ የያዘ ሰው ሽቦ ለመንቀል እንኳ እጁ ይንቀጠቀጣል። እየፈሩ መማር አይቻልም።

እኔ ማንኛውንም ነገር መጀመሪያ የምሠራው በርካሽ ሞጁልና ያለ ብየዳ ሽቦ በሚሰካበት ብሬድቦርድ ነው። ሐሳቡ እንደሚሠራ ካየሁ በኋላ ነው ስለ ጥራት የማስበው። ብዙ ሐሳብ እኮ እዚያ አይደርስም። ትንሽ እንጫወትበታለን፣ ከዚያ ክፍሎቹ ተነቅለው ለሌላ ሥራ ይውላሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ወርቅ የተቀባ ኮኔክተር መግዛት ምን ይባላል?


105_ዲግሪ፦

ብየዳው ለሙከራ ያለው ልክ ነው። ሰርኪት_ወዳድ ግን "ለዓመታት ሳልነካው" ብሏል። ያ ሌላ ጥያቄ ነው።

እኔ ገንዘቤን መጀመሪያ የማስገባው ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው። ምክንያቱም እሱ ሲበላሽ ብቻውን አይበላሽም። ቮልቴጁን የሚቀንሰው ክፍል፣ ሬጉሌተሩ፣ ሾርት ካደረገ 12 ቮልቱ በቀጥታ 3.3 ቮልት ብቻ ወደሚችለው ቺፕ ይገባል። ሴንሰሩም አብሮ ይሄዳል። ሌላ ቦታ ላይ የክፍል መበላሸት አንድ ክፍል ያሳጣል፤ እዚህ ጋ ሁሉንም ያሳጣል።

በቁጥር ላሳያችሁ። 7805 የሚባለውን የድሮ ሬጉሌተር እንውሰድ። 12 ቮልት ይገባል፣ 5 ቮልት ይወጣል። ቀሪው 7 ቮልት ወደ ሙቀት ይለወጣል። 0.5 አምፔር ስትስቡበት 3.5 ዋት ሙቀት ነው። ያለ ሄትሲንክ (ሙቀት የሚበትን ብረት) እያንዳንዱ ዋት የቺፑን ውስጥ በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያሞቀዋል። ስታባዙት ከ220 ዲግሪ በላይ ይመጣል። እዚያ ከመድረሱ በፊት ቺፑ ራሱን ያጠፋል፤ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ይነሣል፣ እንደገና ይጠፋል። ሰዎች "ቦርዴ ያለ ምክንያት ሪስታርት ያደርጋል" ሲሉ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ያው 7805 ግን 0.05 አምፔር ብቻ ለሚስብ ሴንሰር ግሩም ክፍል ነው። ርካሽ ነው፣ ጸጥ ያለ ቮልቴጅ ይሰጣል፣ ትንሽ ለብ ከማለት ያለፈ ነገር የለውም። ክፍሉ ቀሽም ነው ወይም አሪፍ ነው ብሎ ነገር የለም። የሚጠየቀው ለዚህ ሥራ ይሆናል ወይ ነው።

ለ12 ወደ 5 ቮልት ትክክለኛው መንገድ ስዊቺንግ ሬጉሌተር ነው፤ ከረንቱን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ቮልቴጁን የሚቀንስ ማለት ነው። ኤልኤም2596 ያለበት ሰማያዊ ሞጁል ሁላችንም ጋ አለ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኦሪጅናሉ ቺፕ በ150 ኪሎኸርዝ ነው የሚሠራው። በብዙ ርካሽ ሞጁሎች ላይ ያለው ቺፕ ግን ሲለካ በ50 ኪሎኸርዝ አካባቢ የሚሠራ ሆኖ ይገኛል። የቆየ ዲዛይን ላይ አዲስ ስም ታትሞበት ማለት ነው። ኮይሉ የተመረጠው ለ150 ስለሆነ በ50 ላይ ሪፕሉ (የከረንቱ መዋዠቅ) ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ ኮይሉም ካፓሲተሩም ይግላሉ። ሞጁሉ 3 አምፔር ይላል፤ እኔ ከ1 አምፔር በላይ አልጭንበትም።

ስለ ካፓሲተር ደግሞ ስሜም ይናገራል። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ላይ 85 ወይም 105 ዲግሪ የሚል ታትሟል። ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ በዚያ ሙቀት 2000 ሰዓት ዕድሜ አላቸው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። የሳጥናችሁ ውስጥ 65 ዲግሪ ቢደርስ ባለ 85ቱ 8000 ሰዓት ይኖራል። ይህ አንድ ዓመት አይሞላም። ባለ 105ቱ ግን 32000 ሰዓት ይኖራል፤ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ማለት ነው። የዋጋ ልዩነታቸው ከምንም የሚቆጠር አይደለም። ስለዚህ እኔ ጋ ባለ 85 ዲግሪ ካፓሲተር አይገባም።


ጀማሪዋ፦

ይቅርታ፣ እኔ ለዚህ ነገር አዲስ ነኝ። ሁሌ ዳታሺት (አምራቹ ስለ ክፍሉ የሚያወጣው መረጃ) አንብቡ ይባላል። ስከፍተው ግን በሠንጠረዥና በግራፍ የተሞላ ነው። የትኛውን ቁጥር ልይ? ለምሳሌ ትንሽ ፓምፕ በአይአርኤፍ540 ሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ በሚያገለግል ትራንዚስተር) በኩል ከኢኤስፒ32 ጋር አገናኝቻለሁ። ፓምፑ ይዞራል ግን ደከም ይላል። ሞስፌቱ ደግሞ ጣት ያቃጥላል። ዳታሺቱ ላይ ከ2 እስከ 4 ቮልት ይከፈታል የሚል አይቻለሁ፤ እኔ ደግሞ 3.3 ቮልት ነው የምሰጠው። ጥራት ያለው ውድ ሞስፌት ልግዛ እንዴ?


ሰርኪት_ወዳድ፦

እህቴ ጀማሪዋ፣ ውድ አያስፈልግሽም። ጥያቄሽ ግን በጣም ጥሩ ነው፤ ልል የፈለግኩትን ነገር በደንብ ያሳያል።

ያየሽው ቁጥር ሞስፌቱ መከፈት የሚጀምርበት ነው። እዚያ ላይ የሚያሳልፈው ከረንት 250 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው። ፓምፕ ቀርቶ ኤልኢዲ እንኳ በደንብ አያበራም። ማየት ያለብሽ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ያለውን ሬዚስታንስ የሚናገረውን መስመር ነው። እዚያ መስመር ላይ ሁሌም "በዚህን ያህል የጌት ቮልቴጅ" የሚል አለ፤ ጌት ማለት መክፈቻው እግር ነው። ለአይአርኤፍ540 የሚለው 10 ቮልት ነው። አንቺ የምትሰጪው 3.3 ነው። ስለዚህ በግማሽ ተከፍቶ ነው የሚሠራው። የሚግለውም፣ ፓምፑም የሚደክመው ለዚያ ነው።

አይአርኤልዜድ44ኤን የሚባለው ወንድሙ በ5 ቮልት 0.025 ኦም ተብሎ ተጽፎለታል። በ5 ቮልት ለሚሠራው አርዱዪኖ ዩኖ ቦርድ አሪፍ ነው። ለ3.3 ቮልት ግን ኤኦ3400ኤ የምትባለውን እመርጣለሁ። ከሩዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። በ2.5 ቮልት ጌት እንኳ ሬዚስታንሷ ከ0.05 ኦም በታች እንደሚሆን ዳታሺቷ ያረጋግጣል። ፓምፕሽ 1 አምፔር ቢስብ ሙቀቱ ከ0.05 ዋት አያልፍም። ዋጋዋ ደግሞ ከአይአርኤፍ540 ያነሰ ነው። የተሻለው ክፍል ርካሹ ሆነ ማለት ነው! ይሄን ጥራት ያመጣው አንድ የዳታሺት መስመር በትክክል ማንበብ ነው።

በዚያው ፓምፑ ላይ ዳዮድ በግልባጭ አድርጊ። ሞተር ሲጠፋ ወደ ኋላ የሚልከው ቮልቴጅ ሞስፌቱን ይበሳዋል። 1ኤን5819 የሚባለው ዳዮድ ይበቃል። ከጌቱ ወደ ግራውንድ (ወደ ዜሮ ቮልቱ መስመር) ደግሞ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር አስገቢ። ኢኤስፒ32 ሲነሣ ፒኑ ለአፍታ እንዳልተያያዘ ይሆናል፤ ሬዚስተሩ ከሌለ ፓምፑ በዚያች አፍታ ሊነሣ ይችላል።


ጀማሪዋ፦

ገባኝ! ሌሎች ሰዎችም ያንን ቁጥር እንደኔ እንደሚያዩት እርግጠኛ ነኝ። አመሰግናለሁ።


መለኪያ፦

ስለ ሴንሰር ማንም አላነሣም፤ እኔ ላንሣው። እዚህ ላይ ነው ሰው ያለ ሥራ ገንዘብ የሚያፈስሰው። በተቃራኒው ደግሞ መቆጠብ በሌለበት ቦታ የሚቆጥበውም እዚሁ ነው።

የአፈር እርጥበት ሴንሰር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሁለት እግር ያለው፣ ብረቱ በቀጥታ አፈር የሚነካ ነው። በብረቱ ውስጥ ከረንት ያልፋል፣ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ብረቱ ይበላል። ንባቡም ከቀን ወደ ቀን ይንሸራተታል። ሌላው ካፓሲቲቭ ነው። ብረቱ በቦርዱ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ አፈር አይነካውም። ትንሽ ይወደዳል፤ ግን እዚህ ላይ መቆጠብ የለም። በነገራችን ላይ የቦርዱ የተቆረጠ ጠርዝ ውኃ ይመጥጣል። በቫርኒሽ ወይም በጥፍር ቀለም ቀቡት። ይህ ምንም ወጪ የለውም፣ ዕድሜውን ግን ያረዝመዋል።

ከዚያ በኋላ ግን ተጨማሪ ጥራት አትግዙ። አፈሩ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ ነው ለማለት የመቶኛ ክፍልፋይ አያስፈልግም። ደረቅ አፈር ላይ አንድ ጊዜ አንብቡ፣ እርጥብ አፈር ላይ አንድ ጊዜ አንብቡ፣ መካከሉን ወሰን አድርጉ። በቃ። ለሙቀቱም ቢሆን ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ሴንሰር ከበቂ በላይ ነው። ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ ጀምሮ ከዜሮ በላይ እስከ 85 ዲግሪ ድረስ ስሕተቱ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው። ዲኤችቲ11 ደግሞ ሁለት ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል፤ ለአትክልት እሱም ቢሆን አያጣላም።

አሁን ሌላ ምሳሌ ላምጣ። የኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (ሙቀትን በጣም ትንሽ ቮልቴጅ አድርጎ የሚሰጥ ሴንሰር) ለማንበብ ኤልኤም358 የሚባለውን ተራ አምፕሊፋየር የሚጠቀም ሰው አይቻለሁ። ቴርሞካፕሉ ለአንድ ዲግሪ የሚሰጠው 41 ማይክሮቮልት ነው። ኤልኤም358 ደግሞ ከራሱ የሚጨምረው ኦፍሴት በተለምዶ 2 ሚሊቮልት፣ ሲበዛ 7 ሚሊቮልት ይደርሳል። 2 ሚሊቮልት ማለት 49 ዲግሪ ነው! 7 ሚሊቮልት ከሆነማ ከ170 ዲግሪ ያልፋል። ኦፒ07 የሚባለው ክፍል የተሻለው ደረጃው ላይ ኦፍሴቱ ከ75 ማይክሮቮልት አይበልጥም። ወደ ሁለት ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። "ኦፍሴቱን በሶፍትዌር እቀንሰዋለሁ" የሚል አይጠፋም። መቀነስስ ይቻላል። ግን ኤልኤም358 የክፍሉ ሙቀት በተለወጠ ቁጥር ኦፍሴቱም ይለወጣል፤ ስለዚህ ጠዋት ያስተካከላችሁት ከሰዓት በኋላ ልክ አይሆንም። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ሳታመነቱ ክፈሉ። ሌላው ቦታ ሁሉ ኤልኤም358 ይበቃችኋል።


ብየዳው፦

እሺ፣ በዚህ ተስማምቻለሁ። ለሥራው የሚሆነውን ምረጥ እንጂ ውዱን ምረጥ አላላችሁም። እኔም ከዚያ ውጭ ያልኩት ነገር የለም።

ፒሲቢ (መስመሮቹ በመዳብ የታተሙበት ቦርድ) ላይ ግን እከራከራለሁ። አሁን ሁሉም ሰው ትንሹንም ነገር ፒሲቢ አስጠፍጥፎ ነው የሚሠራው። አንድ ፍሬ ለሚሠራ ሰው ባለ ቀዳዳ ቦርድ ላይ በጥንቃቄ መበየድ ምን ችግር አለው? ጥበቃ የለው፣ ትዕዛዝ የለው። ዛሬ ማታ አልቆ ይሠራል።


አሮጌ_ሬዲዮ፦

ምንም ችግር የለውም ብየዳው። እኔ ዘመኔን ሙሉ በዚያ ቦርድ ነው የሠራሁት። ከረንቱ ትንሽ፣ ፍጥነቱም ዝቅተኛ ከሆነ ዛሬም ቢሆን እሱን ነው የምይዘው። ስዊቺንግ ሬጉሌተር በሽቦ ስትዘረጋ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከረንቱ በሴኮንድ ውስጥ መቶ ሺህ ጊዜ የሚበራና የሚጠፋበት ቀለበት አለ። ያ ቀለበት በረዘመ ቁጥር አንቴና እየሆነ ይሄዳል። ሴንሰሩም ሬዲዮውም ይረበሻል። ለዚህ ነው ሬጉሌተሩን በሞጁል ግዙና ሌላውን በሽቦ ሥሩ የምለው።

ፒሲቢ ለሚያሠራ ሰው ደግሞ የምመክረው ነገር ሁሉ ነፃ ነው። ፒሲቢ የሚነደፍበት ኪካድ ነፃ ፕሮግራም ነው። የታችኛውን ንብርብር ሙሉውን ግራውንድ አድርጉት፤ የመዳቡ ዋጋ ቀድሞ ተከፍሏል፣ ቢፋቅም ባይፋቅም ያው ነው። ለእያንዳንዱ ቺፕ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ስጡ። ካፓሲተሩ ከቺፑ ርቆ ከተቀመጠ የለም ማለት ይቻላል፤ ፓወር ፒኑ ሥር ይግባ። ፓምፕ የሚያልፍበትን መስመር አስፉት። በተለመደው 35 ማይክሮሜትር መዳብ ላይ 1 ሚሊሜትር ስፋት ከ2 አምፔር በላይ በ10 ዲግሪ ጭማሪ ብቻ ያሳልፋል። የሞተሩ ግራውንድና የሴንሰሩ ግራውንድ በአንድ ቀጭን መስመር እንዳይመጡ። ይህን ሁሉ ስትሠሩ የሚጠየቀው ዋጋ ጊዜና ሐሳብ ነው።

በቦርዱ ላይ የሙከራ ነጥቦች መተውንም አትርሱ። ቴስተር የሚነካበት ክብ መዳብ ብቻ ነው። ችግር ሲመጣ ለዚያች ክብ መዳብ ታመሰግኑኛላችሁ።


105_ዲግሪ፦

ጋሼ ባሉት ላይ አንድ ልጨምር። ሴራሚክ ካፓሲተር ስትመርጡ ላዩ ላይ የተጻፈውን ማይክሮፋራድ ብቻ አትመኑ። 6.3 ቮልት የሚል 10 ማይክሮፋራድ በጣም ትንሽ መጠን ያለው ሴራሚክ 5 ቮልት ሲጫንበት ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ኤክስ7አር የሚል ዓይነት፣ በቮልቴጁም ሁለት እጥፍ ውሰዱ። ዋይ5ቪ ከሚለው ራቁ፤ በሙቀት ብቻ እስከ 82 በመቶ ያጣል።

ስለ ባትሪ የሚያስብ ካለ ደግሞ ይህን ያስላ። ኤኤምኤስ1117 የሚባለው ሬጉሌተር ምንም ሳይሠራ 5 ሚሊአምፔር ገደማ ይበላል። 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ላይ ቢገባ 400 ሰዓት ማለት ነው፤ 17 ቀን አይሞላም። ያውም ማይክሮኮንትሮለሩ ተኝቶ ሳለ። ኤምሲፒ1700 ግን የሚበላው 1.6 ማይክሮአምፔር ነው። ግን እሱ ከ250 ሚሊአምፔር በላይ አይሰጥም። ኢኤስፒ32 ደግሞ ዋይፋይ ሲልክ ወደ 240 ይጠጋል። ጫፍ ላይ ስለሆነ ለኢኤስፒ32 ከእሱ የሚበልጥ ፈልጉ፤ ዋይፋይ ለሌለው ነገር ግን በጣም እወደዋለሁ።


ጀማሪዋ፦

ባትሪ ስላነሣችሁ ልጠይቅ። 18650 የሚባለውን ድብልብል ሊቲየም ባትሪ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል በጣም ረክሶ አይቻለሁ። ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ለጓደኛዬም ለእኔም ልወስድ ነበር።


105_ዲግሪ፦

ኧረ አትውሰጂ እህቴ! 9900 የሚይዝ 18650 በዓለም ላይ የለም። በጣም ጥሩዎቹ 3500 አካባቢ ናቸው። ከዚያ እጅግ የበለጠ የሚል ሁሉ ፎርጅድ ነው። ጥሩው ባትሪ 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ፎርጅዶቹ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላሉ።

ሊቲየም ባትሪና የግድግዳ መብራት ላይ ክርክር የለም። ሌላ ቦታ ብትሳሳቱ ክፍል ይቃጠላል። እዚህ ብትሳሳቱ ቤት ይቃጠላል፣ ሰውም ይሞታል። ባትሪ ከታወቀ አምራች፣ ከመከላከያ ሰርኪት ጋር ግዙ። ቲፒ4056 የሚባለውን ቻርጀር ሞጁል የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሬዚስተሩን እዩ። ከፋብሪካ ሲመጣ 1.2 ኪሎኦም ነው፤ በ1 አምፔር ነው የሚሞላው። 500 ሚሊአምፔር ሰዓት ላለው ትንሽ ባትሪ ይህ በጣም ብዙ ነው። በ5 ኪሎኦም ስትቀይሩት ወደ 250 ሚሊአምፔር ይወርዳል። አንዲት ሬዚስተር ናት።

የግድግዳ መብራቱን ደግሞ ራሳችሁ አትንደፉት። የደኅንነት ፈተና ያለፈ፣ የታሸገ 12 ቮልት አዳፕተር ግዙና ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ተጫወቱ። አዳፕተር ውስጥ በአደገኛው ወገንና በእኛ ወገን መካከል ሰፊ ክፍተት ይተዋል፤ 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የተለመደ ነው። ሁለቱን ወገን የሚያገናኘው ካፓሲተር ዋይ የሚባለው ልዩ ዓይነት መሆን አለበት። ሲበላሽ ሾርት እንዳያደርግ ተብሎ የተሠራ ነው። በጣም ርካሽ ቻርጀሮች ውስጥ በዚህ ቦታ ተራ ካፓሲተር ይገኛል። ይህ ቁጠባ ሊባል አይገባም።


ጀማሪዋ፦

እሺ አልወስድም። ለጓደኛዬም እነግራታለሁ። ሌላ ጥያቄ፦ ክፍል ላይ ከምቆጥብ መሣሪያ ላይ ልቆጥብ ይሻላል? ኦሲሎስኮፕ (ቮልቴጅ ሲለዋወጥ በግራፍ የሚያሳየውን) ልግዛ ወይስ ይቆየኝ?


መለኪያ፦

ይቆይሽ። መጀመሪያ ደህና ቴስተር ያዢ። ቀጥሎ ሙቀቱ የሚስተካከል የብየዳ ካውያ። ሙቀቱ የማይስተካከል ካውያ መዳቡን ከቦርዱ ላይ ይልጣል፤ ያኔ ጥሩውንም ክፍል ታጪዋለሽ። ከዚያ የከረንት ገደብ ያለው ፓወር ሰፕላይ። አዲስ ሰርኪት ስታበሪ ገደቡን 100 ሚሊአምፔር ላይ አድርጊው። ሾርት ካለ ጭስ ሳይወጣ ታውቂያለሽ። ብየዳው "ቢቃጠል አያስለቅስም" ያለውን ነገር የሚያሻሽለው ይህ ነው፤ ከነአካቴው አይቃጠልም። ኦሲሎስኮፕ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ሲመጣ ግን ዓይንሽን ይከፍተዋል። ያኔ 105_ዲግሪ ያለውን የ50 ኪሎኸርዝ ነገር በራስሽ ታያለሽ።


ሰርኪት_ወዳድ፦

በጣም አመሰግናለሁ፤ ዝርዝሬን ቀይሬዋለሁ። ሁሉንም ክፍል ከፍ ማድረጌን ትቼ አዳፕተሩ፣ ሬጉሌተሩ፣ ካፓሲቲቩ ሴንሰርና ሳጥኑ ላይ አወጣለሁ። ሌላው በተራ ክፍል ይሠራል። መግቢያው ላይ ፊውዝና በግልባጭ ሲሰካ የሚከላከል ፒ-ቻናል ሞስፌት ጨምሬያለሁ። ወጪው ወደ ርካሹ ዝርዝር በጣም ተጠግቷል።

አንድ ያልቆረጥኩት ነገር ኮኔክተር ነው። ፓምፑና ሴንሰሮቹ ውጭ ስለሚሆኑ ሽቦ ይነቀላል፣ ይሰካል። ብየዳው፣ አንተ ከሁላችንም በላይ በሽቦ ትሠራለህና ምን ትለኛለህ?


ብየዳው፦

ብሬድቦርድ ላይ የምንሰካቸው ባለ ጥቁር ጫፍ ሽቦዎች ለሙከራ ብቻ ናቸው። ለዓመታት በሚቆይ ነገር ላይ አንዱንም አትተው። ይላላሉ፣ ከዚያ "ሴንሰሩ አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም" የሚባል ራስ ምታት ይመጣል። ያንን ችግር መፈለግ ከማንኛውም ውድ ክፍል በላይ ያስከፍልሃል።

ለሴንሰሩ ጄኤስቲ ኤክስኤች የሚባለውን ኮኔክተር ውሰድ። በእግሮቹ መካከል 2.5 ሚሊሜትር ነው፣ በተስማሚ ሽቦ እስከ 3 አምፔር ይችላል፣ በግልባጭ አይገባም። ባለ 2፣ ባለ 3 እና ባለ 4 እግር እያደረግክ ተጠቀም፤ የአንዱ ሴንሰር ሶኬት የሌላው ቦታ ላይ መግባት አይችልም። ለመጭመቂያው ፕላየር ትንሽ ማውጣትህ አይቀርም። በተራ ፒንሳ የተጨመቀ እግር ይለቃል፤ እዚህ ላይ እኔም አልቆጥብም።

ለፓምፑ በቡሎን የሚጠብቀው ተርሚናል ጥሩ ነው። ግን ባለ ብዙ ጭራ ሽቦውን የብየዳ ሊድ አልብሰህ አታስገባው። ብዙ ሰው ይህን ንጽሕና ይመስለዋል። ሊዱ ለስላሳ ስለሆነ በጭነት ሥር ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ቡሎኑ ይላላል፣ ከዚያ መጋል ይጀምራል። ጫፉ ላይ የምትጨመቅ የብረት ቱቦ አለች፣ እሷን አልብሰው። እሷን ካጣህ ደግሞ ሽቦውን ጠምዘዝ አድርገህ እንዳለ አስገባውና ቡሎኑን ከተወሰኑ ቀናት በኋላ አንዴ ድገመው። ሽቦው ከሳጥኑ የሚወጣበት ቀዳዳ ከታች በኩል ይሁን፤ ከመውጣቱም በፊት ወደ ታች ታጥፎ ይምጣ። ውኃ ሽቦውን ተከትሎ ነው የሚገባው።